ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፦ ለኢኮኖሚክስ ጥናት የሚታመን የኢንተርኔት ምንጭ ስለ ማግኘት

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዲግሪ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የብር የምንዛሪ ተመን ለውጥ በዋጋ ግሽበት ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. የ2009ን የኢትዮጵያ ግሽበት ስፈልግ አንዱ ድረ ገጽ 8.5 በመቶ፣ ሌላው 36.4 በመቶ፣ ሦስተኛው ደግሞ 2.8 በመቶ ይለኛል። አማካሪዬ ምዕራፉን ‹ምንጩ አያስተማምንም› ብለው መለሱልኝ። የትኛውን ድረ ገጽ ልመን? ገንዘብ የሚጠይቁትን መጽሔቶችስ ያለ ክፍያ ከየት ላግኝ?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎን ሳነብ መጀመሪያ ያደረግኩት ሦስቱን ቁጥሮች ማስታወሻዬ ላይ ጽፎ ከየት እንደ መጡ መፈለግ ነበር፤ ሦስቱም ትክክል ሆነው አገኘኋቸው። 8.5 በመቶ የሚለው የዓለም ባንክ «የዓለም የልማት አመልካቾች» በሚለው ዳታቤዙ የሚያወጣው ቁጥር ነው፤ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር 2009 ያሉትን የአሥራ ሁለት ወራት አማካይ ዋጋ ከ2008 አማካይ ጋር ያነጻጽራል። 36.4 በመቶ የሚለው ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ለ2001 የበጀት ዓመት፣ ማለትም ከሐምሌ 1 ቀን 2000 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2001 ዓ.ም. ላለው ጊዜ ያወጣው አማካይ ሲሆን፣ 2.8 በመቶ የሚለው ተከታዩን የ2002ን የበጀት ዓመት ይመለከታል። ብሔራዊ ባንኩ በእንግሊዝኛ ሪፖርቶቹ የመጀመሪያውን «2008/09»፣ ሁለተኛውን «2009/10» ብሎ ይጽፋቸዋል። ቁጥሮቹን ገልብጠው የሚያወጡ ድረ ገጾች ግን ለሠንጠረዣቸው እንዲመች ሁለት ዓመቱን ወደ አንድ ያሳጥሩታል፤ አንዱ የኋለኛውን፣ ሌላው የፊተኛውን ይወስዳል፤ ሁለቱም «2009» ብለው ያስቀምጡታል። በ2000 ዓ.ም. ክረምት ወርኃዊው ግሽበት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር ከ60 በመቶ አልፎ የነበረና ከዓመት በኋላ እጅግ ፈጥኖ የወረደ በመሆኑ፣ የመለኪያው መስኮት በስድስት ወር ፈቀቅ ባለ ቁጥር ውጤቱ እንዲህ ይራራቃል። በተረጋጋ ዓመት ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ አንድና ሁለት ነጥብ ሆኖ ማንም ልብ ሳይለው ያልፍ ነበር።

ስለዚህ አማካሪዎ «ምንጩ አያስተማምንም» ሲሉ ቁጥሩ ውሸት ነው ማለታቸው ላይሆን ይችላል። ቁጥሩን ማን እንደ ለካው፣ የትኛውን ጊዜ እንደሚሸፍንና በምን ስሌት እንደ ተገኘ ከግርጌ ማስታወሻዎ ለማወቅ አልቻሉም ማለታቸው ይመስለኛል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከምንጩ» እንደሚባለው፣ በኢኮኖሚክስ ጥናት ምንጭ የሚባለው ቁጥሩን ያገኙበት ድረ ገጽ ሳይሆን ቁጥሩን ገበያ ወጥቶ የሰበሰበው አካል ነው። የምመክርዎትም ሁሉ ከዚህ አንድ ነጥብ የሚነሣ ነው።

ከዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ገና አልወጣሁም፤ በእርስዎ ርዕስ ላይ ከሁሉ የከፋው ወጥመድ እሱ ስለሆነ። የዓለም ባንክን ሠንጠረዥ አውርደው የ2009ን መስመር ሲመለከቱ፣ የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ (ግሽበት የሚሰላበት የዕቃዎች አማካይ ዋጋ መለኪያ) ዓምዱ የጃንዋሪ–ዲሴምበር 2009 አማካይ ነው፤ እዚያው መስመር ላይ ያለው ጥቅል የአገር ውስጥ ምርት ግን ሰኔ 30 ቀን 2001 ዓ.ም. የተዘጋው የበጀት ዓመት ነው። ባንኩ የበጀት ዓመታቸው ከጁን 30 ወይም ከዚያ በኋላ የሚዘጋባቸውን አገሮች መረጃ በኋለኛው ዓመት ስም የማስቀመጥ ደንብ አለው፤ የእኛም የሚዘጋው ጁላይ 7 ነው። አንድ መስመር ላይ የተቀመጡት ሁለት ቁጥሮች ስለዚህ የሚገጣጠሙት በግማሽ ዓመት ብቻ ነው። ይህ ከዳታው ጋር በሚወርደው፣ ቁጥሮቹ እንዴት እንደ ተዘጋጁ በሚያብራራው ሜታዳታ በሚባለው ፋይል ውስጥ በግልጽ ተጽፏል፤ ያን ፋይል ከፍቶ የሚያነብ ተማሪ ግን በጣም ጥቂት ነው።

ወደ ምንዛሪው እንምጣ። የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ቀኑ 2016 ይላል፤ የበጀት ዓመቱ ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ተዘግቶ 2017 ገብቷል፤ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ደግሞ የ2024 ሰባተኛ ወር ማብቂያ ላይ ነን። በበጀት ዓመት የሚሠራ ሰው ለውጡን 2016 ላይ ካስቀመጠው ገና ያልተፈጸመን ነገር ወደ ኋላ ወስዶ አስገብቷል ማለት ነው። በጎርጎርዮሳዊው ዓመት የሚሠራው ደግሞ የ2024 ዓመታዊ አማካይ ተመንን ሲወስድ፣ ዶላር 57 ብር ገደማ ይመነዘርባቸው የነበሩትን ሰባት ወራት በፍጥነት ካሻቀበባቸው አምስት ወራት ጋር ቀላቅሎ፣ በየትኛውም ባንክ ሰሌዳ ላይ ለረጅም ጊዜ ያልታየ መካከለኛ ቁጥር ያገኛል። በዚህ ስሕተት ማንንም አልወቅስም። እኔ ራሴ ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. የተደረገውን የተመን ለውጥ ከ2002 የበጀት ዓመት ጋር አጣምሬ ለሳምንታት ያልጠበቅኩትን ውጤት ለማብራራት ከደከምኩ በኋላ ነው ስሕተቴ ገብቶኝ ወደ 2003 ያዛወርኩት። የዚያው ለውጥ መጠንም በሁለት መልክ ተጽፎ ያገኙታል፤ አንዱ ወደ 17 በመቶ፣ ሌላው 20 በመቶ ይላል። ዶላር ከ13.63 ብር ወደ 16.35 ብር ሲያድግ የዶላር ዋጋ በ20 በመቶ ጨመረ፤ የብር ዋጋ ግን በ17 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሁለቱም ያው አንድ ክስተት ናቸው፤ የትኛውን እንደ ተጠቀሙ በጽሑፍዎ ይግለጹ።

መፍትሔው በተቻለ መጠን ከዓመታዊ ቁጥር ወጥቶ ወደ ወርኃዊ መረጃ መሄድ ነው። ወር ከወር ጋር ከተጣመረ በኋላ ዓመቱን ከሐምሌም ከጃንዋሪም ጀምረው ራስዎ ማስላት ይችላሉ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ዓመታዊ መረጃ ይዞ ለሠላሳ ዓመት የሚሠራ ሰው ሠላሳ ምልከታ ብቻ ነው የሚኖረው፤ በወር ከሄዱ ከሦስት መቶ ስድሳ አያንስም።

ወርኃዊውን ዋጋ የሚሰበስበው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው፤ ለረጅም ዓመታት ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በሚል ስም እናውቀው ነበር። የዋጋ ኢንዴክስ መግለጫዎቹን በየወሩ ያወጣል፤ ምግብንና ምግብ ነክ ያልሆኑትን፣ አገር አቀፉንና የክልሎቹን ለይቶ ያቀርባል። መግለጫው ሁለት ዓይነት ግሽበት እንደሚይዝ ያስተውሉ። አንዱ ወሩን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ያነጻጽራል፤ ሌላው የአሥራ ሁለት ወራት ተንከባላይ አማካይ ነው። ተንከባላዩ አማካይ ለውጡን ዘግይቶ የሚያሳይ በመሆኑ፣ የተመን ለውጥ በስንት ወር ውስጥ ወደ ዋጋ ይተላለፋል ብሎ ለሚጠይቅ እንደ እርስዎ ላለ ጥናት ፈጽሞ አይሆንም። ጋዜጦች ደግሞ አንዱን ወይም ሌላውን ሳይለዩ «ግሽበት ይህን ያህል ደረሰ» ብለው ስለሚጽፉ ከዜና ላይ ቁጥር አይውሰዱ።

ሌላው ሥራ የሚፈጅብዎት የመሠረት ጊዜው ጉዳይ ነው። አሁን በሥራ ላይ የቆየው ኢንዴክስ ዲሴምበር 2016ን 100 አድርጎ የተነሣ ሲሆን ከዚያ በፊት የነበሩት ኢንዴክሶች ሌላ መነሻ ነበራቸው። ሁለቱን ተከታታዮች እንዳሉ ቀጣጥለው ወደ ሶፍትዌሩ ካስገቡ በመገናኛው ወር ላይ ዋጋ በአንድ ጊዜ በከፍተኛ መጠን የወደቀ ይመስላል። ማያያዝ የሚቻለው ሁለቱም ኢንዴክስ የተሰላበትን አንድ ወር በመጠቀም ነው። ለምሳሌ በዚያ ወር አሮጌው 250፣ አዲሱ 100 ቢል፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን የአዲሱን ቁጥሮች በሙሉ በ2.5 ያባዛሉ። ይህን ስሌት በተለየ ገጽ ላይ ያስቀምጡት፤ የመመረቂያ ጽሑፍዎን በሚከላከሉበት ቀን ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ እንደሚሆን ይጠብቁ። የዕቃዎቹ ክብደትም ከመሠረቱ ጋር ስለሚለወጥ ማያያዣው ፍጹም አይደለም፤ ምግብ በእኛ ኢንዴክስ ውስጥ ከግማሽ በላይ ክብደት ያለው በመሆኑ ትንሽ የክብደት ሽግሽግ እንኳ ይታያል።

የምንዛሪ ተመንን፣ የገንዘብ አቅርቦትንና ብድርን የሚመለከተው መረጃ መነሻው ብሔራዊ ባንክ ነው። ዕለታዊ ተመኑ በድረ ገጹ ላይ ይገኛል፤ የሩብ ዓመት ቡለቲኑና ዓመታዊ ሪፖርቱ ደግሞ ሰፊ ሠንጠረዦች አሏቸው። ችግሩ አብዛኛዎቹ በፒዲኤፍ መሆናቸው ነው፤ ቁጥሩን በእጅ መተየብ ግድ ሊሆንብዎት ይችላል። ሲተይቡ ከየሪፖርቱ አንድ ዓመት ብቻ አይውሰዱ፤ የዘንድሮው ሪፖርት የአምናውን ቁጥር ደግሞ ስለሚያትም፣ ሁለቱ ሪፖርቶች ለአንድ ዓመት የሰጡት ቁጥር ከተለያየ ክለሳ ተደርጓል ማለት ነውና የኋለኛውን ይይዛሉ። የመንግሥት ገቢና ወጪ ከገንዘብ ሚኒስቴር፣ የአገራዊ ምርት ስሌት ከፕላንና ልማት ሚኒስቴር ይመጣል። ተቋማቱ ስማቸውም ድረ ገጻቸውም በተለያየ ጊዜ ስለተለወጠ አሮጌ ሊንኮች አይከፈቱም፤ እንዲህ ያጋጠመዎት እንደሆነ የሞተውን አድራሻ ወስደው በኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ውስጥ ይፈልጉት፤ ጠፍቷል የተባለ የቆየ መግለጫ ብዙ ጊዜ እዚያ ተቀምጦ ይገኛል።

የዓለም ባንክና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ሁለቱም በኢትዮጵያ ገበያ ወጥተው የሽንኩርት ዋጋ አይጠይቁም፤ ከላይ ከጠቀስኳቸው ተቋማት የተቀበሉትን አስተካክለው፣ ከሌሎች አገሮች ጋር እንዲነጻጸር አድርገው ያቀርባሉ። ጥቅማቸው ትልቅ ነው። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ማነጻጸር ከፈለጉ ከእነሱ የተሻለ መነሻ የለም፤ ሁሉም በነፃ ይወርዳል። የገንዘብ ድርጅቱ በየአገሩ የሚያወጣቸው የባለሙያ ሪፖርቶች ደግሞ ከዳታቤዙ ይልቅ ለእርስዎ ይጠቅማሉ ብዬ አምናለሁ፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ሲፈቀድ የታተመውና ከዚያ ወዲህ የወጡት የግምገማ ሪፖርቶች ስለ ተመኑ ለውጥ በሠንጠረዥም በሐተታም ብዙ ይዘዋል። ጥንቃቄ የሚያሻው ትንበያ ላይ ነው። በኤፕሪልና በኦክቶበር የሚወጣው የድርጅቱ የዓለም ኢኮኖሚ ዳታቤዝ ካለፉት ዓመታት ቁጥር ቀጥሎ የመጪዎቹን አምስት ዓመታት ትንበያ በዚያው መስመር ያሰፍራል፤ ግምቱ ከየትኛው ዓመት በኋላ እንደሚጀምር የሚናገረው የመጨረሻው ዓምድ ነው። ያን ዓምድ ሳያዩ ያወረዱ እንደሆነ ያልደረሰን ዓመት እንደ ተለካ አድርገው ይተነትናሉ፤ ይህን የሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ በእጄ ገብቶ ያውቃል።

የነፍስ ወከፍ ቁጥር የሚጠቀሙ ከሆነም ሕዝብ ቁጥሩን ከየት እንደ ወሰዱ ይጠይቁ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ወደ 74 ሚሊዮን ሕዝብ ተቆጥሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ለ2023 የአገር ውስጡ ትንበያ 107 ሚሊዮን ገደማ ሲል የተባበሩት መንግሥታት ትንበያ ደግሞ ከ126 ሚሊዮን ያልፋል። አንድ ዓይነት ምርት በሁለቱ ሲካፈል የሚገኘው የነፍስ ወከፍ ገቢ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይለያያል፤ ይህ ደግሞ ከብዙ ዓመታት ዕድገት ጋር የሚስተካከል ነው። የመሠረት ዓመት ለውጥ ምን ያህል እንደሚያናውጥ ለማየት ናይጄሪያን ማስታወስ ይበቃል፤ በኤፕሪል 2014 የምርት ስሌቷን መሠረት ከ1990 ወደ 2010 ስትለውጥ የ2013 ጥቅል ምርቷ በ89 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በአንድ ሌሊት የተሠራ አንድም ፋብሪካ አልነበረም።

የተቋሙ ስም ትልቅ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አለመሆኑንም መናገር ይገባኛል። የዓለም ባንክ በየዓመቱ የአገሮችን የንግድ ምቹነት ደረጃ የሚያወጣበትን ሪፖርት በሴፕቴምበር 2021 ጨርሶ አቋርጦታል፤ ምክንያቱም በ2018ና በ2020 እትሞቹ ውስጥ የቻይናን፣ የሳዑዲ ዓረቢያን፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችንና የአዘርባጃንን የሚመለከት የመረጃ ጉድለት መኖሩ በምርመራ በመረጋገጡ ነው። ያን ደረጃ እንደ ተለዋዋጭ የተጠቀሙ የቆዩ ጥናቶች ዛሬም ይጠቀሳሉ፤ ሲያነቧቸው ይህን ያስታውሱ።

ከሁሉ የሚከብደው የትይዩ ገበያው፣ ማለትም ከባንክ ውጭ ያለው የጥቁር ገበያ፣ ተመን ነው፤ እርስዎም ያለ እሱ ጥናቱን መሥራት እንደሚቸግርዎት እገምታለሁ። ተመኑ ከመለቀቁ በፊት ባሉት ወራት በትይዩ ገበያው ዶላር ከመደበኛው ዋጋ በእጥፍ ገደማ ይሸጥ ስለነበር፣ አስመጪው ዕቃውን ሲተምን የሚያየው የቱን እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ነገር ግን በመንግሥት ተቋም የሚታተም የትይዩ ገበያ ተከታታይ የለም። በቴሌግራም ቻናሎችና በዩቲዩብ የሚነገረው ዕለታዊ ዋጋ ማን በየት ቦታ ስለ ምን ያህል ገንዘብ እንደ ተዋዋለ አይገልጽም፤ ገዥና ሻጭ ዋጋውም አይለይም። ምክሬ ይህ ነው፤ የታተሙ ጥናቶችና የገንዘብ ድርጅቱ ሪፖርቶች የጠቀሱትን የልዩነት መጠን በወራት ደረጃ ይሰብስቡ፤ ከማን እንደ ተወሰደ በየመስመሩ ይጻፉ፤ ዋናውን ስሌት በመደበኛው ተመን ይሥሩና ትይዩውን ለማመሳከሪያ ብቻ ያቅርቡት። ቁጥሩ የሚወላውል መሆኑን ራስዎ አስቀድመው ከተናገሩ ገምጋሚ በዚያ አይጥልዎትም።

የቤተሰቦችን ፍጆታ መመልከት ከፈለጉ የየቤተሰቡን መልስ በዝርዝር የያዘ የዓለም ባንክ የማይክሮዳታ ቤተ መዛግብት አለ፤ ተመዝግበው ዓላማዎን ከጻፉ በኋላ በነፃ ይሰጥዎታል። በስታቲስቲክስ ተቋሙና በባንኩ ትብብር የተካሄደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ የናሙና ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2011/12 ጀምሮ አምስት ዙር ደርሷል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ተመሳሳይ ቤተሰቦችን ሲከተሉ፣ የ2018/19ኙ በአዲስ ናሙና የተጀመረ ነው፤ የ2021/22ቱ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ትግራይን አይጨምርም። አምስቱን እንደ አንድ ተከታታይ መውሰድ አይቻልም።

አሁን ወደ ጽሑፎቹ። መጽሔት ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሪፔክ በተባለው የኢኮኖሚክስ ጽሑፎች ስብስብ ላይ የተመሠረተውን አይዲያስ የተባለ ማውጫ ይክፈቱ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኛ ኢኮኖሚስቶች የተገነባ ነው፤ አንድ ጽሑፍ በመጽሔት ከመታተሙ በፊት የወጣበትን የወርኪንግ ፔፐር ቅጂ ከታተመው ጋር አገናኝቶ ያሳያል፤ የታተመው ክፍያ ሲጠይቅ ቅጂው አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው። በጎግል ስኮላርም «ሁሉም ቅጂዎች» የሚለውን ቢጫኑ ብዙ ጊዜ ከደራሲው የግል ገጽ ላይ ያገኙታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የኢኮኖሚ ምርምር ቢሮ ወርኪንግ ፔፐሮቹን በታዳጊ አገሮች ለሚኖሩ ያለ ክፍያ ይሰጣል። የአሜሪካ ኢኮኖሚክ ማኅበር ከሚያሳትማቸው መካከል ጆርናል ኦፍ ኢኮኖሚክ ፐርስፔክቲቭስ ለማንም ክፍት ነው፤ ደግሞም ለተማሪ በሚገባ ቋንቋ ይጻፋል፤ ለሥነ ጽሑፍ ቅኝት ምዕራፍዎ ከዚያ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው መርሐ ግብር ደግሞ ኢትዮጵያን ለመሳሰሉ አገሮች ተቋማት በሺዎች የሚቆጠሩ መጽሔቶችን በነፃ ይከፍታል፤ የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ተቋም ስለሆነ የዩኒቨርሲቲዎን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ይጠይቁ። ብዙ ተማሪ መኖሩን ሳያውቅ ይመረቃል። ሁሉም መንገድ ከተዘጋ ለደራሲው አጭር ኢሜይል ይላኩ፤ ጽሑፍዎን ላንብብ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያስከፋው ተመራማሪ እስካሁን አላየሁም።

የአገር ውስጡን ጥናት አይዝለሉት። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ማኅበር ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ኢኮኖሚክስን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አንሥቶ ያሳትማል፤ የቆዩ እትሞቹ በአፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ይገኛሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻም ክፍት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ የሚወስዱት የሌላ ተማሪ ቁጥርን ሳይሆን ያ ተማሪ ቁጥሩን ያገኘበትን መንገድ ነው። የምንዛሪና የግሽበትን ግንኙነት የሚመለከቱ ጽሑፎች እዚያ ጥቂት አይደሉም፤ አንዱ የሠራው ስሕተት በሚቀጥሉት ተገልብጦ ሲወርድ ለማየትም ጥሩ ቦታ ነው።

ፕሬዳተሪ ጆርናል በሚባሉት፣ ለገንዘብ ሲሉ ያለ በቂ ግምገማ በሚያሳትሙ መጽሔቶች፣ ላይ ረጅም ነገር አልጽፍም። በሳምንት ውስጥ አሳትምልዎታለሁ የሚል፣ ከግብርና እስከ ሕክምና ሁሉን የሚያስተናግድ፣ የአርታኢዎቹ ስም ተፈልጎ የማይገኝ፣ ክፍያውን ጽሑፉን ከማንበቡ በፊት የሚጠይቅ መጽሔት ከሆነ ይለፉት። ክፍት መጽሔት መሆኑ ብቻ ግን ጥፋት አይደለም፤ የክፍት መጽሔቶች መዝገብ በሆነው ዶአጅ ውስጥ መኖሩን ማየት ጥሩ የመጀመሪያ ማጣሪያ ነው። ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የሚሰጡትን የማጣቀሻ ዝርዝር በተመለከተ፦ የሌለ ጽሑፍ ከነ ደራሲው፣ ከነ ዓመቱና ከነ ገጹ አሳምረው የሚፈጥሩበት ጊዜ ስላለ፣ ጽሑፉን ከፍተው ሳያነቡ አንድም መስመር ወደ ጽሑፍዎ አያስገቡ።

ስለ ማመሳከር ሲነሣ እ.ኤ.አ. የ2013ቱን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 ባወጡት ጽሑፍ የመንግሥት ዕዳቸው ከምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ የበለጸጉ አገሮች አማካይ ዕድገት ከዜሮ በታች፣ −0.1 በመቶ፣ መሆኑን ጽፈው ነበር፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ወጪ ይቀነስ የሚሉ ፖለቲከኞች ይህን ቁጥር ይዘው ተሟግተዋል። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንደን ለክፍል ሥራ ውጤቱን ደግሞ ለማስላት ሞክሮ አልመጣለት ሲል የደራሲዎቹን የኤክሴል ፋይል ጠየቀ፤ እነሱም ላኩለት። ፋይሉን ሲከፍት አማካዩን የሚያሰላው ቀመር ከመስመር 30 እስከ 49 መሄድ ሲገባው 44 ላይ መቆሙን አየ፤ ከ20ዎቹ አገሮች አምስቱ፣ አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳና ዴንማርክ፣ ሳይቆጠሩ ቀርተዋል። የተወሰኑ ዓመታት መተዋቸውና የአማካዩ አወሳሰድ ሲጨመርበት፣ ከመምህራኑ ማይክል አሽና ሮበርት ፖሊን ጋር ሆኖ ያገኘው የተስተካከለ ቁጥር 2.2 በመቶ ሆነ። ደራሲዎቹ የቀመሩን ስሕተት ተቀብለዋል፤ በቀረው ተከራክረዋል። ሁለቱም ስመ ጥር የሃርቫርድ ፕሮፌሰሮች ነበሩ፤ ስሕተቱ ሊገኝ የቻለው ግን ፋይላቸውን ስለሰጡ ነው። እርስዎም የሚተማመኑበትን ጥናት ሲመርጡ ዳታውንና ስሌቱን ያስቀመጠውን ያስቀድሙ፤ የአሜሪካ ኢኮኖሚክ ማኅበር መጽሔቶች ይህን ዛሬ ግዴታ አድርገውታል።

ያወረዱትን ፋይል ከነ ቀኑ ያስቀምጡ። የዓለም ባንክም ሆነ ሌሎቹ ያለፈውን ቁጥር በየጊዜው ይከልሳሉ፤ ዛሬ ያዩት ከስድስት ወር በኋላ ላይኖር ይችላል። ሙሉ ድረ ገጽም ሊጠፋ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረቡ ፊውስ ኔት ገጹ ለወራት ተዘግቶ፣ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ፕሮግራምም ሥራው ቆሞ ነበር፤ ፋይሉን ኮምፒዩተራቸው ላይ ያኖሩ ተመራማሪዎች ብቻ ሳይቸገሩ ቀጠሉ።

ለአማካሪዎ የሚመልሱትን ምዕራፍ በተመለከተ፣ የ2009ን መስመር እንዲህ ቢያስተካክሉት ይበቃል። «2009» የሚለውን ያጥፉና ሦስት መስመር ያድርጉት፤ «የ2001 በጀት ዓመት፣ 36.4 በመቶ»፣ «የ2002 በጀት ዓመት፣ 2.8 በመቶ»፣ «ጃንዋሪ–ዲሴምበር 2009 እ.ኤ.አ.፣ 8.5 በመቶ»፤ በእያንዳንዱ ትይዩ ያወጣውን ተቋም፣ የሪፖርቱን እትምና ያወረዱበትን ቀን ይጻፉ። ከዚያ የስታቲስቲክስ ተቋሙን ወርኃዊ ኢንዴክስ ይዘው ከጁላይ 2007 እስከ ጁን 2010 ያሉትን 36 ወራት በአንድ ገጽ ላይ ይደርድሩና ሦስቱን አማካዮች ራስዎ ያስሉ። የኢትዮጵያ ወር በጎርጎርዮሳዊው ወር መካከል ስለሚጀምር፣ ወርኃዊው መግለጫም በጎርጎርዮሳዊ ወር ስለሚወጣ የአሥረኛዎች ልዩነት ሊታይ ይችላል። ለ2009 ሙሉ ዓመት ደግሞ የ2010 የመጀመሪያዎቹን ወራት ሳይሆን የ2008ን አሥራ ሁለት ወራት እንደ መነሻ መያዝዎን ያረጋግጡ። ቁጥሮቹ ተቀራርበው ከወጡ ያንን ገጽ አባሪ አድርገው ከምዕራፉ ጋር ያስገቡት።